የዘንድሮው ኮከብ

«ማነው የነካው?» አለች፣ በኪሮሽ የምትሠራውን ነጭ ኮከብ እያወዛወዘች።

ባሏ ስለ ኬኩ የጠየቀችው መስሎት አፉን ጠረገ። «አንዲት ቁራሽ ብቻ ናት፣ የኔ እመቤት።»

«ኬክህን እንደፈለግክ ብላ! ኮከቤን ነው የምልህ!»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገና ዛፋቸው ጫፍ ላይ የሚሰቀለው የአማቷ ኮከብ ነበር። እሷ የሠራችውን ሁሉ አሮጊቷ «እጅሽ ሸካራ ነው» እያሉ ፈትተው እንደገና ይሠሩት ነበር። ካለፈው ገና ወዲህ ግን ሁለቱም እጆቻቸው አልታዘዝ ብለዋቸው አልጋ ላይ ውለው ያድራሉ። ዘንድሮ ተራው የእሷ ነው።

ጠዋት የጀመረችው ኮከብ ግን፣ ምሳ አቅርባ ስትመለስ ተፈትቶ እንደገና ተሠርቷል። የክሩ ዙር በሙሉ ከእሷ አሠራር በተቃራኒ ይዞራል። በዚህ ቤት እንዲያ የሚሠሩ ግራኝ አማቷ ብቻ ናቸው።

«እማዬ ማንኪያ እንኳ አትይዝም እኮ» አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

«የማጎርሳቸው እኔ! ለእኔ ነው የምትነግረው?»

በንዴት ፈትታ እንደ አዲስ ጀመረችው። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ቆልፋበት ቁልፉን ይዛ ሄደች። ስትመለስ ባሏ ከወንበሩ አልተነሳም፤ መሳቢያውም እንደተቆለፈ ነው። በመሳቢያው ስንጥቅ በኩል ግን ነጭ ክር ወጥቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ በአማቷ ክፍል በር ሥር ገብቷል።

«ዘንድሮስ አይሆንም!» ብላ ክሩን በሁለት እጇ ሳበችው።

ከበሩ ወዲያ መልሰው ሳቡት።