ጀፎረ ላይ ያደረ ሚኒባስ

«ግፉ!» ይላሉ ጋሽ ገዛኸኝ፣ ዱላቸውን ወደ ልጄ ሚኒባስ ቀስረው። አራት ጎረምሶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኋላ ይጠጋሉ።

እኔ ከፊት ጎማው ጋ ቆሜያለሁ። እስቲ የሚገፋ ወንድ ይምጣ! እኔን ጨፍልቆ ይሂዳ።

«እቴነሽ፣ ዞር በይ» ይሉኛል። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የመንደሩም ሽማግሌ። «ጀፎረ የአንድ ሰው አይደለም። ከብት ይነዳበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ ለቅሶ ይቀመጥበታል። አጥር አይገፋበትም፣ ጎጆ አይቀለስበትም። ይኼን አንቺ ልትነገሪ ነው?»

እውነት ነው፣ ከደጃችን የተዘረጋው ይህ ሰፊ የሣር መንገድ ከአያቶቻችን ጀምሮ ቤት አርፎበት አያውቅም። ቢሆንም ዝም አልልም።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ መኪና ነው! መስቀል በመጣ ቁጥር የመርካቶዎቹ መኪና ሲያድርበት ምነው ዝም አሉ?»

«እነሱ መኪናቸው ውስጥ አይተኙማ! ልጅሽ ትተኛበታለች። ትቀቅልበታለች። ልብስ አስጥታለች። ጎማው ሥር ድንጋይ ተክላለች። ቤት ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?»

እኔ ራሴ ስነተርካት የሰነበትኩት በዚሁ ነው። ልጄ ማስተዋል ይህን አሮጌ ሚኒባስ ገዝታ፣ ወንበሩን አስነቅላ፣ አልጋና ቡታጋዝ አስገብታ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር አሰቅላ ለመስቀል እምድብርን አቋርጣ ስትመጣ «ምነው፣ ልጅሽ ቤት አጣች?» ያላለኝ የለም። አንድ ሰሞን ወልቂጤ ናት፣ አንድ ሰሞን ቡታጅራ። ሥራዋ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ባሕር ማዶ ላለ ሰው ሁሉ የቤት ፕላን ትሠራለች። ለሰው ቤት እየሠሩ ራስ ጎማ ላይ! በንዴት እስከ ዛሬ እግሬን አላስገባሁም። «እማዬ፣ ግቢና እይው» ስትለኝ፣ «መኪና የሚገባው መንገድ ሲኬድ ነው» ብያታለሁ።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠዋት ነግራኛለች። አንድ ፈረንጅ እንደ እኛ ቤት ክብ ክብ የሆኑ የእንግዳ ማረፊያዎች አዟታል። ሥዕሉን አይቶ ወዶ፣ «መሀል ያለው ምሰሶ ቦታ ይይዛል፣ አውጪው» አላት። እሷ እምቢ አለች። አሁን በላፕቶፕ ፊት ለፊት እየተያዩ የመጨረሻውን እየተነጋገሩ ነው። ካልተስማሙ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ የዓመት እንጀራዋ ነው። ኔትወርክ ደግሞ እኛ ግቢ፣ እንሰቱ ውስጥ ሲገቡ ድርግም ይላል። ያለው እዚህ ጀፎረው ላይ ብቻ ነው። አሁን ከገፏት አለቀላት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይዩትና ይፍረዱ» እላለሁ። «ሳያዩ መፍረድ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ይቺ ትነካቸዋለች። በዳኝነታቸው ቀልድ አያውቁም። ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ። እኔም ከጎናቸው አጮልቃለሁ።

ልጄ ጅባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን በሩ ሥር አውልቃዋለች። ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ማማሰያዋ እንኳን ማንጠልጠያ አላት። ወይ ልጄ! እኔ የትርምስ ጎሬ መስሎኝ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ፈረንጁ ከጥግ ያፈጣል፤ መሀሉን የያዘው ክብ ቤት ነው። የጋሽ ገዛኸኝ ትንፋሽ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉታል።

በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ለእኛ አይገባንም። ድምጿ ግን አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ጣቷን ሥዕሉ መሀል ላይ አሳርፋ በራሳችን ቃል «ምሰሶ» ትለዋለች። ፈረንጁ ራሱን በእምቢታ ይወዘውዛል። «ምሰሶ» ትላለች ደግማ። አንድ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ታቆምና ሌላውን እጇን እንደ ጣሪያ ትደፋበታለች። ክንዷን ሹልክ ስታደርገው ጣሪያው ጅባው ላይ ዘጭ ይላል።

«ምሰሶውን አውጪ ነው የሚላት?» ይሉኛል በሹክሹክታ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እሷስ?»

«ሥራው ይቅርብኝ እንጂ አላወጣም ብላለች።»

ጋሽ ገዛኸኝ ከመስኮቱ ይመለሳሉ። ጎረምሶቹ አሁንም ትእዛዝ እየጠበቁ ነው።

«ምን ትገተራላችሁ? ሂዱ፣ ከብቶቹን በወዲያ በኩል መልሱ! ኮሽታ እንዳልሰማ!»

ራሳቸው ጎማውን ተደግፈው ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። ጎረቤታችን ሸረፋ ከገበያ ሲመለስ ከሩቅ «አሰላሙ...» ብሎ ሲጀምር ዱላቸውን ያነሱበታል። ሸረፋ ሰላምታውን ውጦ በጫፍ እግሩ ያልፋል። እኔ በልቤ እጸልያለሁ።

በሩ ይከፈታል። ማስተዋል ዓይኗ ቀልቶ ብቅ ስትል ሁላችንን አይታ ትደነግጣለች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ፈረንጁስ?» ይላሉ ጋሽ ገዛኸኝ።

«እሺ አለ፣ ጋሼ። ከነምሰሶው።»

እልልታዬን አቀልጠዋለሁ! ጋሽ ገዛኸኝ ግን ፈገግ እንኳን አይሉም። ተነሥተው አንገታቸውን በበሩ ያስገባሉ። ወለሉን ያያሉ፣ ጣሪያውን በዱላቸው ቆርቆር ያደርጋሉ፣ ወዲያና ወዲህ ያማትራሉ። ከዚያ ወደ እኛ ይዞራሉ።

«አየሁት። ምሰሶ የለውም። ምሰሶ የሌለው ነገር ደግሞ ቤት አይባልም፤ መኪና ነው። መስቀል እስኪያልፍ ይደር።»

ከብቶቹን መልሰው የመጡት ጎረምሶች በሳቅ ይፈነዳሉ። እሳቸው ኮስተር እንዳሉ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ።

ማስተዋል በሩን እንደያዘች ታየኛለች። «እማዬ፣ አሁንስ አትገቢም?»

መኪና ነው ተብሎ ተፈርዷል። እኔ ግን ጫማዬን ከጫማዋ ጎን አውልቄ እገባለሁ።