የሟች ቃል

«አልሰጥም ካልኩ አልሰጥም፤ ማሳዬ ላይ ምንም አይሠራም።»

ባለ ካባው ይህን ሲል ለቀስተኛው ሳቀ፤ ያምባ ግን ደነገጠ። በመንደራቸው ወግ ሽማግሌ ሲሞት ምራቱ ካባውን ደርባ፣ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫዋ ደፍታ ሟቹን ትሆናለች። የዛን ቀን ያለችው ነገር የሟች ቃል ነውና አይሻርም። ሁለቱ መንደሮች ለማዋለጃ ጣቢያው ጡቡን ተካፍለው ጠፍጥፈዋል፤ የቀረው ሽማግሌው አልሰጥም እንዳለ የሞተበት የማሽላ ማሳ ብቻ ነበር። ያምባ ጠዋት ምራቲቱን ፖኮን «ሰጥቻለሁ በይልን፣ አደራ» ብሎ ለምኗት እሺ ብላዋለች። አሁን ምን ነካት?

«አባባ፣ ሞተውም ይሰስታሉ እንዴ?» አለ እየቀለደ። «ሚስቴ ወሯ ገብቷል። ከተማ ሳንደርስ አህያ ጋሪ ላይ ልትገላገልብኝ ነው።»

ባለ ካባው በከዘራው መሬቱን ጫር ጫር አደረገና ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። ሳሉ ቁርጥ የሽማግሌው ሳል ነበር። ሰው ሁሉ የሚፈራው የሟቹ ውሻ እግሩ ስር ተኝቶ ጭራውን ይቆላል። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«በሕይወት እያለሁ ሁለቱ መንደሮች ለየብቻ እየመጣችሁ አንዳችሁ ሌላውን ስታሙብኝ ነው የከረማችሁት» አለ። «አብራችሁ የመጣችሁት ለለቅሶዬ ነው። በሉ፣ ውሰዱት።»

ያምባ እፎይ አለ። ወደ ባርኔጣው ጠጋ ብሎም፣ «ጎበዝ ፖኮ፣ አሳመርሽው» ሲል አንሾካሾከ።

«ምኑን ነው ያሳመርኩት?» አለች ፖኮ ከኋላው፣ ከጎጆው በር ላይ። «ካባውን ማን እንደወሰደብኝ እየፈለግኩ ነው።»