ዝምድና የተቋረጠበት ከሰዓት

የሰው ዝምድና ሁሉ የተመዘገበበት የመንግሥት ዳታቤዝ አዲስ ስሪት ሲጫንበት፣ በአገሩ ያለ ዝምድና ሁሉ ለጊዜው እንደሚቋረጥ በዜና ተነግሮ ነበር። ይታገሱ ግን ዜናውን አልሰማም። ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ፣ ለቤተሰብ ብቻ የሚከፈተው የገዛ ቤቱ በር «አላውቅዎትም» አለው።

«ወይንሐረግ፣ ክፈቺልኝ እንጂ» አለ።

ሚስቱ ከውስጥ ሳቀች። «አሁን እኮ ባሌ አይደለህም። መጀመሪያ ለትዳር ጠይቀኝ።»

«ሽማግሌ ልኬ ጠይቄ የለ?»

«እሱማ አባቴን ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

እንደሱ ደጅ የቀሩ ጎረቤቶች ሰምተው ኮሪደሩን በሳቅ ሞሉት። ይታገሱ አፍሮ ዳቦውን በብብቱ ያዘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወይንዬ፣ ያኔ አንቺን ማናገር ፈርቼ ነው። እምቢ ብትይኝ ኖሮ…»

ዝምድናው ተመለሰና በሩ በራሱ ተከፈተ። ወይንሐረግ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቆማለች። በሩን መልሳ ዘጋችው።

«ጨርስ እንጂ» አለችው።