ከብረቱ ሥር

ብረቱ ደረቱ ላይ ተኝቶ አልነሳ ብሏል። ወደ ላይ አይሄድ፣ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ የለው። ሾፌሩ አግዳሚው ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ፣ የጣሪያውን መብራት እያየ፣ ሰው እንዳያየው ይጸልያል።

ቆየት ብሎ ደግሞ ሰው እንዲያየው መጸለይ ጀመረ።

ጂሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። በስተቀኙ አንድ ፈርጣማ ጎረምሳ ከመስታወቱ ጋር ፍቅር ይዞት ክንዱን ያገላብጣል። በስተግራው ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ቁጭ ብድግ ይላሉ። የሁሉም ጆሮ በኢርፎን ተደፍኗል፤ የቤቱ ሙዚቃ ደግሞ ለራሱ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። አሠልጣኙ ክብደቱን ከጫነለት በኋላ፣ «መጣሁ ፋዘር፤ እስክመለስ እንዳትነካው» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጥቷል። ሾፌሩ ግን ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የቆመ ነገር ማየት አይሆንለትም።

ሐኪሙ ነው የዚህ ሁሉ መነሻ። «ግፊትዎ አያስቀልድም፤ ይህን ሆድ ይቀንሱ» አለው። እንዴት እንደሚቀንሰው ደግሞ ያልመከረው የለም። የሥራ ባልደረቦቹ ሩጥ አሉት። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ በስልክ፣ «አባዬ፣ ከእማዬ ጋር ታደርጉት እንደነበረው እቤትህ ዝለል፤ ምን ጂም ያስኬድሃል?» አለችው። አሠልጣኙ ገና በሩ ላይ፣ «ዝላይ ላብ ነው የሚያወጣው ፋዘር፤ ስብ የሚያቀልጠው ብረት ነው» ብሎ ፈረደ።

ሚስቱ ይህን ብትሰማ በሳቅ ትፈርስ ነበር። «ብረት ለጋራዥ ነው» ባይ ነበረች። እሱ ከሥራ ሲገባ ሶፋውን ገፍታ፣ ምንጣፉን ጠቅልላ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ቀጭን ልጅ ስትዘል ይዘላሉ፤ ስታጨበጭብ ያጨበጭባሉ። እሱ ሁልጊዜ እግሩ ይሳሳትበታል። «አንተ እኮ ፍሬን እየያዝክ ነው!» ትለዋለች፤ ከዚያ ሳቁ ያሸንፋቸውና ሶፋው ላይ ዝርግት። ያ ሁሉ ሲዘለል ቅንጣት ኪሎ ቀንሰው አያውቁም።

ካረፈች በኋላ አንድ ቀን ሶፋውን ገፍቶ ሞክሮት ነበር። ልጅቷ ስትዘል ዘለለ፤ ስታጨበጭብ አጨበጨበ። እግሩ አንዴም አልተሳሳተም። ያኔ ነው ቴሌቪዥኑን ያጠፋው።

አሁንም ብረቱ እዚያው ደረቱ ላይ ነው። ብረቱን ወደ እግሩ ሊያንከባልለው ሞከረ፤ ያ የፈረደበት ሆድ እንደ ጉብታ ተገትሮ መንገድ ዘጋበት። አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው።

«ወንድሜ፣ ተኝተው ነው?»

በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማታንስ፣ ግንባሯን በፎጣ ያሰረች ሴት ከራስጌው ቆማ ቁልቁል ታየዋለች። ጥግ ላይ ከተተከሉት ብስክሌቶች ከአንዱ ወርዳ ነው የመጣችው።

«አልነሳ አለኝ፣» አላት። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነበት።

«በሉ እኔ ስስብ እርስዎ ይግፉ። ኧረ ይግፉ! ይኸው… ይኸው!»

ብረቱ ተንገራግጮ ማረፊያው ላይ ገባ። ሾፌሩ ቁጭ አለ። ካናቴራው ላይ ከብብት እስከ ብብት የዝገት መስመር ተሰምሮበታል። ጎረምሳው አሁንም ክንዱን ያገላብጣል።

«ለምን አይጣሩም ነበር?» ተቆጣችው።

«ማንን ብዬ ልጥራ እህቴ?»

እንዲያው ለመመለስ ያህል ያለው ነው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም ሰሙት። ሴትየዋ ፎጣዋን ከግንባሯ ፈታች፤ ሳትጠርግበት መልሳ አሰረችው።

«‹የሰው ያለህ!› ይባላላ፣» አለች፤ ቁጣዋ በርዷል። «ይሄ ደግሞ ስም ማወቅ ይፈልጋል?»

«ጆሯቸው ተደፍኗል።»

«የእኔ አልተደፈነም።»

መዳፉን አገላብጦ አየ። ቆዳው ተልጧል።

«ከእንግዲህም ብረት ሊገፉ ነው?» አለችው።

«እንጃ። እቤት መዝለል ይሻላል የሚሉም አሉ።»

«ለምኑ ነው የሚሻለው?»

«ለስቡ።»

«ለስቡስ ይሻል ይሆናል።» ወደ ጥጉ መራመድ ጀምራ ነበር፤ ቆመች። «እኔም እቤት ነበር የምዘለው። አንድ ቀን ውሃ ልጠጣ ቆም ስል ቤቱም አብሮኝ ጸጥ አለ። በማግስቱ እዚህ መጣሁ።»

መልሱን ሳትጠብቅ ሄዳ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

አሠልጣኙ ስልኩን ኪሱ እየከተተ ተመለሰ። ካናቴራውን አይቶ ዓይኑን አጉረጠረጠ። «ፋዘር፣ ብረቱን ነክተኸዋል እንዴ?»

«እሱ ነው የነካኝ፣» አለና ተነሳ።

ወደ ጥጉ አዘገመ። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ባዶው ግድግዳ አድርጋ ትሽከረከራለች። ከጎኗ ያለው ብስክሌት ሰው የለበትም፤ ሹራቧን ግን መሪው ላይ አንጠልጥላበታለች። ሾፌሩ አጠገቡ ሲደርስ ቆመ። ይቅርታ ይበል፣ ይመለስ፣ ግራ ገባው።

ዞራ አላየችውም፤ መርገጧንም አላቋረጠችም። አንድ እጇን ብቻ ዘርግታ ሹራቡን ከመሪው ላይ አነሳችና ወገቧ ላይ አሰረችው።