የዕጢው ምሳ

ሐኪሙ ለእናት እንዳስረዳት፣ በልጇ ጭን ውስጥ ያለው ዕጢ ኢንዛይም የሚባል ነገር እያመነጨ ዙሪያውን ይበላል፤ መንገድ ከፍቶም ደም ስሮችን ወደ ራሱ ስቦ በልጅቷ ደም ያድጋል። «እስክትጠነክር ቀዶ ጥገና የለም፤ በደንብ ትብላ» ቢላትም ናቀችው። ሌባውን ዕጢ በረሃብ ልትገድለው ቆርጣ፣ ልጅቷን ከቀጭን አጥሚት በቀር ሌላ ምግብ ከለከለቻት።

የባሏ እህት ውድነሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከበር መለሰቻት።

«አንቺ ደንቆሮ፣ ዕጢ ልትቀልቢ ነው የመጣሽው?»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ውድነሽ። እናት ለጸሎት እስክትወጣ ግቢው ውስጥ ጥላ ስር ተቀመጠች።

በሳምንቱ ሐኪሙ ቤት መጥቶ ልጅቷን መዝኖ ፈገግ አለ።

«ጠንክራለች። ነገ ቀዶ ጥገና ትገባለች።»

እናት በሩ ላይ ወደቆመችው ውድነሽ ዞረች። «ሰማሽ፣ አላዋቂ?»

ልጅቷ የአክስቷን ባዶ ምሳ ዕቃ በተረከዟ ወደ አልጋው ስር ገፋ አደረገችው።