ገና ሰላምታ ላይ

ካሳሁን ጋራዥ ውስጥ የቆመው መኪናው ውስጥ ተጎልቶ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነ። ስሙንም ታይለር አለው። ስልኩ ላይ የከፈተው የልጆች ጌም ምስል ምረጥ ሲለው ፀጉሩ የተንጨባረረ ልጅ መረጠ፤ እሱ ራሱ ፀጉር ከተሰናበተው ሰንብቷል።

"እስቲ አሁን እንተያያለን!" አለ።

ይህን ጣጣ ያመጣበት የቤተ ክርስቲያኑ የዙም ስብሰባ ነው። ትምህርቱም ጨዋታውም ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ወዲህ ወላጅ ሁሉ ስለተጨነቀ፣ እሑድ ዕለት አንዲት ባለሙያ ተጋብዘው ነበር። "ልጆቻችሁ ከማን ጋር እንደሚጫወቱ እወቁ፤ ጌሙ ውስጥ ግቡ፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አብራችሁ ተጫወቱ" አሉ። ካሳሁን ግሮቭፖርት ካለው ዌርሀውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ የሌሊት ሺፍት ሠርቶ ነበርና "ግቡ" እንዳሉ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ሲነቃ ለአሥራ አንድ ዓመቷ ልጁ ለሔርሞን ሕግ አወጣ። ከማታውቂው ሰው ጋር ያወራሽ ቀን ስልክሽ ወር ሙሉ የኩሽና መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል አላት። ይኸው ዛሬ ደግሞ ሊፈትናት ገባ። አንዱ ወስላታ ያታልልብኛል ብሎ ፈርቷል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ፍርሃቱ እህል አላስቀምስ ብሎታል።

ሔርሞን ጌሙ ውስጥ ቤት እየሠራች ነው። ታይለር ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ስሟን፣ ትምህርት ቤቷን፣ ፎቶዋን ሊጠይቃት አስቧል። ግን የጨዋ ልጅ ዘሎ ወደ ጉዳይ ይገባል እንዴ? በአንድ ጣቱ እየለቀመ በእንግሊዝኛ ጻፈላት።

"ሰላም ነሽ? እንዴት ነሽ?"

"ሃይ" አለች።

"ደህና ነሽ ወይ? ቤተሰብ ደህና ነው? እናትሽ ደህና ናት? አባትሽስ? ሥራ ነው ወይስ ቤት?"

ልጅቱ ቤቷን መሥራት ቀጠለች። አፍራ ይሆናል ብሎ ደግሞ ጻፈ። "ምሳ በላሽ? ብቻሽን ነሽ እንዴ?"

ቤቱም ልጅቱም ከፊቱ ጠፉ። ብሎክ ተደርገሃል የሚል ጽሑፍ መጣ።

"ምን አጠፋሁ?" አለ ካሳሁን ከልቡ ተቀይሞ።

ከጋራዡ ወደ ኩሽና ሲገባ ሔርሞን እናቷ ሰርካዲስ ፊት ቆማለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ስልኳን በእጇ ዘርግታለች።

"ባባ፣ የማላውቀው ሰው አወራኝ። ሪፖርት አደረግኩት፣ አይ ስዌር፣ እውነቴን ነው።"

"ምን አለሽ? እኮ ምን አለሽ?" አለች ሰርካዲስ።

"አባትሽ ቤት ነው ወይ አለኝ። ብቻሽን ነሽ ወይ አለኝ።"

"በኢየሱስ ስም! ይሄ ቤታችንን እያጠና ነው! የሔርሚ አባት፣ ምን ትገተራለህ? ፖሊስ ጥራ እንጂ!"

"ደግሞ ምሳ በላሽ ወይ አለኝ።"

"ወይኔ ልጄን! በምግብ ሊያባብላት! ይሄ አውሬ፣ ይሄ አሳዳጊ የበደለው!"

እዚህ ላይ ካሳሁን ዝም ማለት ነበረበት። ሁሉንም ችሎ ነበር፤ አሳዳጊውን ስትነካበት ግን አልቻለም።

"አሳዳጊው ምን አደረገ? ሰውዬው'ኮ ገና ሰላምታ ላይ ነበር!"

ሰርካዲስ ቀስ ብላ ዞራ አየችው።

"ታይለር?" አለች ሔርሞን።

ካሳሁን አንገቱን ደፋ። ሰርካዲስ ሳቋ አመለጣት፤ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ካሳሁንም ሊስቅ ሲል የልጁን እጅ አየ። ስልኳን እንደዘረጋች ነበር።

"ምን ላድርገው ብለሽ ነው የምትሰጪኝ?"

"ሕጉ ነዋ። ወር ሙሉ ትወስደዋለህ።" ስልኩን ይበልጥ አስጠጋችለት። "ላልነግራችሁ ነበር። ግን በጣም ፈራሁ።"

ላትነግረው ነበር። እውነተኛው ወስላታ ቢመጣ ኖሮ ስልኳን ላለማጣት አፏን ዘግታ ልትቀመጥ ነበር፤ ዝም ሊያሰኛት የነበረው ደግሞ እሱ ራሱ ያወጣው ሕግ ነው።

ስልኳን መልሶ እጇ ውስጥ ጨበጠላት። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና የራሱን ስልክ ከሹካና ማንኪያው ጋር አጋደመው።

"የማያውቁትን ሰው ያወራሁት እኔ ነኝ" አለ።

ሔርሞን አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ጌሙንም በእሷ ስልክ ላይ ከፈተችለት።

"ባባ፣" አለች፣ "ምሳ በላህ?"