አንድ በአንድ ልቀቁት

ነርስ ሺታዬን አለቃዋ «ቱግ ማለት አበዛሽ» ብሎ ጽሞና ተማሪ ሲል ላካት። አንጀቷ እያረረ፣ ጋምቤላ መሃል ካለ ሆቴል አዳራሽ ገብታ ከሌሎቹ ሠልጣኞች ተርታ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«የምትሰሙትን ድምፅ አንድ በአንድ ልቀቁት» አለ መምህር ተብዬው። «ባጃጁን።»

የመንገዱ ጩኸት ተቋረጠ።

«ቬንትሌተሩን።»

ከጣሪያው ይመጣ የነበረው ነፋስ ቆመ። ደግሞ መብራት ሄደ ብላ ይብስ ተናደደች።

«አጠገባችሁ ያለውን ሰው ትንፋሽ።»

የጎኗ ሴትዮ ጭንቅላት ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሺታዬ ዓይኗን ገልጣ ጣቷን ከሴትየዋ አፍንጫ ሥር አስጠጋች፤ ምንም የለም። ሰውየውን ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ አጣች። ሴትየዋም ስትሰማ ቆይታ የለቀቀችው የሺታዬን ትንፋሽ ነበር።

«ጎሽ» አለ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ። «አሁን የልባችሁን ምት።»